የተቆረጠው አስራ ስምንት ሰከንድ

ሊወስዱኝ የመጡት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ሁለት ነበሩ፤ አንዱ የደንብ ልብስ፣ ሌላው ቡኒ ጃኬት ለብሷል። የጆሮ ማዳመጫ አድርጌ የቀትሩን የምርጫ ዝግጅት እያቀናበርኩ ስለነበር ሲገቡ አልሰማኋቸውም። ቀና ስል የሬዲዮ ጣቢያችን ሥራ አስኪያጅ በሩ ላይ ቆሟል። እኔን ሳይሆን የግድግዳውን ሰዓት ነው የሚያየው።

«ለአጭር ጥያቄ ነው» አለኝ ባለጃኬቱ። «ቦርሳሽን ያዢ።»

ለአጭር ጥያቄ ቦርሳ ለምን እንዳስፈለገ አልጠየቅኩም። ኮምፒውተሩን ላጥፋው ወይስ ልተወው ብዬ አመነታሁ፤ በእንዲህ ያለ ሰዓት ሰው የሚጨነቅበት ነገር ይገርማል። ተውኩት። ደረጃውን ስንወርድ ከሥራ ባልደረቦቼ አንዳቸውም ከወንበራቸው አልተነሱም። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ብሆን አልነሳም ነበር።

ፒካፑ ውስጥ መሃላቸው አስቀመጡኝ። የሀዋሳን አዲስ ከተማ ሰፈር አልፈን መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ሞንታርቦ የጫነ አይሱዙ መንገዱን ዘግቶ አስቆመን። የቅስቀሳ ዘፈኑ የመኪናውን መስታወት ያርገፈግፈዋል። ላዩ ላይ አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሱ ወጣቶች ይጨፍራሉ። አንዷ ልጅ ወርዳ በመስኮቱ በራሪ ወረቀት ሰጠችኝና ፈገግ አለችልኝ። እኔም ፈገግ አልኩላት። ባለጃኬቱ ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ፣ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

ለምን እንደወሰዱኝ አውቅ ነበር። የማላውቀው ምን ያህል እንደሚያውቁ ነው።

ክፍሉ ከፖሊስ ጣቢያው ግቢ ጀርባ ነው። ግድግዳው እስከ ደረት ድረስ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፤ ከዚያ በላይ ያለው ኖራ በጥፍርና በሚስማር የተጫረ ስም ሞልቶበታል። ከፍ ብላ ወንፊት የተመታባት አንዲት መስኮት አለች። በረኪናና እርጥብ ፍራሽ ይሸታል። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ ድምፁ እንደጠበቅኩት ከባድ አልነበረም፤ እንደ ማንኛውም የቆርቆሮ በር ነው የተዘጋው።

ውስጥ ሁለት ሴቶች ነበሩ። አንደኛዋ ሐይቁ ዳር ዓሣ የምትሸጥ፣ ከደንብ አስከባሪዎች ጋር ተጣልታ የገባች ጠንካራ ሴት ናት። ቀድማ የገባችው እሷ ስለሆነች የክፍሉን ሥርዓት የምታስከብረው አለቃ፣ ካቦዋ፣ እሷ ነበረች።

«ጫማሽን እዚያ አውልቂ» አለችኝ። «ስንቅ የሚያመጣልሽ ሰው አለ?»

«ባለቤቴ አለ።»

«ጥሩ። እዚህ ቤት ለብቻ መብላት የለም። የመጣውን አብረን ነው የምንበላው።»

ሁለተኛዋ ሴት ከመስኮቱ ሥር፣ የታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ ተቀምጠዋል። ሰማያዊ ሹራብ፣ በገመድ አንገት ላይ የተንጠለጠለ መነጽር። መነጽራቸውን አድርገው አተኩረው አዩኝ።

«አንቺ የሬዲዮዋ ልጅ አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ እትዬ።»

«ምነው ልጄ? አንቺን ደግሞ ምን አደረግሽ ብለው ነው?»

«እኔንጃ» አልኩ። እዚያ ክፍል ውስጥ የተናገርኩት የመጀመሪያው ውሸት ይኸው ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። በምርጫው ሰሞን የሬዲዮ ጣቢያችን ለተወዳዳሪ ፓርቲዎች የአየር ሰዓት ይሰጥ ነበር። ተራው በዕጣ ይወጣል፤ ለእያንዳንዱ አምስት ደቂቃ። የሁሉንም መልእክት የምቀርጸው፣ የማሳጥረውና ሰዓቱን የምይዘው እኔ ነበርኩ። እኚህ ሴት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ የአንድ ትንሽ ፓርቲ እጩ ሆነው በከተማችን ይወዳደሩ ነበር። ስቱዲዮ የመጡት ብቻቸውን፣ በባጃጅ ነው። የጻፉትን አንድ ጊዜ ብቻ አነበቡ፤ ሳይሳሳቱ፣ እንደ ክፍል ውስጥ ቃል እያፍታቱ። ሲጨርሱ «ድምፄ ሻካራ አልሆነም?» ብለው ጠየቁኝ፤ «በጣም ጥሩ ነው» ብዬ ሸኘኋቸው።

ከሄዱ በኋላ ስለካው ከአምስት ደቂቃው በአስራ ስምንት ሰከንድ አልፏል። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ያለፈውን የሚቀንሰው ራሱ ፓርቲው ነው። መደወል ነበረብኝ። ግን ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጄን ከአፀደ ሕፃናት ማውጣት አለብኝ። ከመጨረሻው አካባቢ የሚደጋገም የመሰለኝን ቦታ ፈልጌ ቆረጥኩት። ስፌቱ አይታወቅም። በእንዲህ ያለ ሥራዬ እኮራ ነበር፤ ትንፋሽን ከትንፋሽ ማገጣጠም እችልበታለሁ ይሉኝ ነበር።

እጩዋ ያሉት እንዲህ ነው፦ «ድምፅ ከሰጠን በኋላ ውጤቱ ተቆጥሮ እስኪለጠፍ ድረስ ከምርጫ ጣቢያው ደጅ አንነቃነቅም። ስንጠብቅ ግን ድንጋይ የሚያነሳ፣ መንገድ የሚዘጋ፣ ሰው የሚሳደብ ከእኛ ወገን አይደለም። በሰላም ቆመን ውጤቱን እናነባለን፤ ተሸንፈንም ከሆነ በሰላም ወደየቤታችን እንገባለን።» እኔ ሳልቆርጥ ያቆየሁት የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። «አንነቃነቅም» ካሉ በኋላ በቀጥታ ምስጋናቸው ይቀጥላል።

መልእክቱ በነጋታው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተላለፈ። ስሰማው እንኳ አልከበደኝም። ከቀትር በኋላ እጩዋ «ሕዝብ ለሁከት በማነሳሳት» መያዛቸው ተሰማ። እኔ በተያዝኩበት ቀን ጠዋት ቢሮ ስገባ ዋናው ቅጂ የነበረበት ማኅደር ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ሥራ አስኪያጁ ከኋላዬ መጥቶ ቀስ ብሎ ተናገረ። «እኛ የቆረጥነው ነገር የለም። የሰጡንን ነው ያስተላለፍነው። ገባሽ?»

አሁን ታዲያ ከእሳቸው ፊት ለፊት፣ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጫለሁ።

«እንዲህ ያለ ቦታ ስላገኘሁሽ ደስ ብሎኛል አልልም» አሉኝ። «ግን እግዚአብሔር ያውቃል። እስካሁን የኔ ቃል ብቻ ነበር። አንቺ እኮ አጠገቤ ነበርሽ። ድንጋይ አታንሱ፣ መንገድ አትዝጉ ማለቴን ሰምተሻል፤ አይደል?»

«ሰምቻለሁ እትዬ» አልኩ። እሱ እውነት ነበር።

«ተመስገን» አሉና ጀርባቸውን ወደ ግድግዳው አስደገፉ። ምሳ እስኪደርስ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። እኔ ጣቶቼን ቆጥሬ ጨረስኩ፤ ቆጥሬ ጨረስኩ።

መርማሪው የጠራኝ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። በዕድሜ ከእኔ ያንሳል። ወንበር ስቦ ሰጠኝ፤ ውሃ ትጠጫለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አልጮኸብኝም፤ ከዚያ በኋላም አንድ ቀን እንኳ አልጮኸብኝም። ቢጮህ ኖሮ ምናልባት ይቀለኝ ነበር።

«እህቴ፣ አንቺ ተጠርጣሪ አይደለሽም» አለኝ። «ምስክር ነሽ። አንድ ፊርማ ብቻ ነው የምንፈልገው።»

ወረቀቱን አዞረልኝ። የምስክርነት ቃል ነው፤ በእኔ ስም ተጽፎ አልቋል። አንዱን መስመር እስካሁን በቃሌ አውቀዋለሁ፦ «የተላለፈው መልእክት ግለሰቧ ስቱዲዮ ተገኝታ የተናገረችው ሙሉ ቃል ሲሆን ከውስጡ የተቀነሰም ሆነ የተጨመረ ነገር የለም።»

«ይሄን እኔ አላልኩም» አልኩት።

«ሥራ አስኪያጅሽ ያለው ነው። አንቺም ያው ትያለሽ ብለን ነው። ስህተት አለበት?»

«ዋናው ቅጂስ?» አልኩት።

«ዋናው የተላለፈው ነው። ሌላ የለም ብለውናል። አለ እንዴ?»

«እኔ ጋ የለም።»

«ታዲያ ቀንሰሽ ነበር?»

ጥያቄው ቀላል ነበር። አንድ ቃል ይበቃዋል። እኔ ግን ጠረጴዛው ላይ ያለውን የውሃ ጠርሙስ ክዳን ማየት ጀመርኩ። «ራሴን በጣም አሞኛል» አልኩት።

መቁረጤን ያወቀ ይመስለኛል። «ላስረዳሽ» አለ። «ምንም አልቀነስኩም ካልሽ ፈርመሽ ዛሬውኑ ቤትሽ ትገቢያለሽ። ቀንሻለሁ ካልሽ ግን ጥያቄው ይቀየራል። ማን አዘዘሽ? ከማን ጋር ተመካክረሽ ነው? የተወዳዳሪ ንግግር ቆርጠሽ ሕዝብ ልታነሳሺ ነበር ወይ? ያን ጊዜ ምስክር መሆንሽ ይቀራል። እስከ ነገ ጠዋት አስቢበት።»

ወደ ክፍሉ ስመለስ እጩዋ ቆመው ነው የጠበቁኝ። «ነገርሻቸው?»

«መጠየቅ ጀምረዋል እትዬ። ነገ ይጨርሳሉ።»

ካቦዋ ቀና ብላ አየችኝና ወደ ስፌቷ ተመለሰች። የተቀደደ የፍራሽ ጨርቅ ትሰፋ ነበር።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ባለቤቴ ስንቅ ይዞ መጣ። አስተማሪ ነው፤ ከክፍል እንደወጣ ነው የመጣው፣ እጅጌው ላይ ጠመኔ አለ። በሽቦ አጥሩ በኩል አምስት ደቂቃ ፈቀዱልን። እኔ አምስት ደቂቃ ምን ያህል እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሱ ግን የመጀመሪያውን ግማሽ ስለ ምግቡ በማውራት ጨረሰው። ፍርፍሩ ቅቤ እንደሌለው፣ ሹራቡ ከፌስታሉ ሥር እንዳለ።

«ሥራ አስኪያጅሽ ቤት ድረስ መጥቶ ነበር» አለ በመጨረሻ። «አንዲት ወረቀት ናት አለኝ። ፈርሚና ነይ በቃ።»

«ወረቀቷ ውሸት ናት።»

«ቀስ በይ» አለኝ፤ ጠባቂው ወዳለበት እያየ። «ስንት እውነተኛ ወረቀት ፈርመሽ ታውቂያለሽ? ልጅቷ እማዬ የት ናት ስትለኝ ምን ልበላት?»

«ሥራ ላይ ናት በላት።»

«ብያታለሁ። እንግዲያው ሬዲዮኑን ክፈትልኝና ልስማት አለችኝ።»

ጠባቂው «በቃ» ሲል ባለቤቴ ጣቱን በሽቦው ቀዳዳ አስገብቶ ጣቴን ነካኝ። ሲሄድ ወደ ኋላ አልዞረም። ለመፈረም የወሰንኩት ያኔ ነው። ይህን የምናገረው ስለማፍርበት ነው፤ ግን እንዲያ ነበር። ነገ ጠዋት ፈርሜ እወጣለሁ አልኩ። እትዬ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ፓርቲ አላቸው፣ ጠበቃ ይቆምላቸዋል። ከልቤ አስልቼ ጨርሼ ነበር።

ከክፍላችን ፊት ለፊት፣ ከኮሪደሩ ማዶ፣ የጠባቂዎቹ ክፍል አለ። ከሙቀቱ የተነሳ በሩን ከፍተውት ቴሌቪዥን ያያሉ። እኛ ድምፁን ብቻ ነው የምንሰማው። የምሽቱ ሁለት ሰዓት ዜና ሲጀምር ካቦዋ «የዛሬው ደግሞ ምን ይሆን?» አለች። የምርጫ ዜና ነው። በሆነ ስታዲየም የተደረገ ትልቅ ሰልፍ፣ ረጅም ንግግር፣ ጭብጨባ፣ እንደገና ንግግር። ከልማዴ የተነሳ ደቂቃ እይዝ ነበር። አስራ አንድ ደቂቃ ሄደ። ከዚያ «ሌሎች ተወዳዳሪ ፓርቲዎችም ቅስቀሳቸውን ቀጥለዋል» አለ አንባቢው። አለቀ።

ቀጥሎ ያነበበው የእኛን ነገር ነው። በሀዋሳ ከተማ አንዲት እጩ በአየር ሰዓት ሽፋን ሕዝብን ለሁከት ስታነሳሳ በቁጥጥር ሥር ውላለች፤ ግለሰቧ ይህን ተናግራለች። ከዚያ የእሳቸው ድምፅ መጣ፦ «ከምርጫ ጣቢያው ደጅ አንነቃነቅም።» ወዲያው አንባቢው ቀጠለ።

እትዬ መነጽራቸውን አወለቁ። መልእክታቸው ሲተላለፍ መንገድ ላይ ስለነበሩ ያን ዕለት ጠዋት አልሰሙትም ነበር። እስኪያዙ ድረስ የሰሙት በሰው አፍ ብቻ ነው።

«ከዚያ በኋላ ያለው የት ሄደ?» አሉ።

«ቴሌቪዥኑ ነው የቆረጠው?» ካቦዋ ጠየቀች።

«መርማሪው በሬዲዮ የተላለፈውን ሙሉውን አሰምቶኛል» አሉ ቀስ ብለው። «እዚያም ላይ የለም። እኔ ጭንቀት ላይ ስለነበርኩ በደንብ ያልሰማሁት መስሎኝ ነበር።» ወደ እኔ ሳያዩ ቀጠሉ። «ጽሑፉ ላይ ጽፌዋለሁ። መጻፌን አውቃለሁ። ሳነብ ዘለልኩት ይሆን? አንቺ ሰምቻለሁ ያልሽኝ እኔን ላለማሳዘን ብለሽ ነው?»

«አይደለም እትዬ።»

«እናቴ በስተርጅና እንዲህ ነበር የጀመራት» አሉ። «ያላለችውን ብያለሁ ትል ነበር። ያለችውን ደግሞ አላልኩም።» ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። የተማሪ ስህተት እንደሚያርም ሰው ነበር የሚናገሩት። «ሠላሳ ስምንት ዓመት አስተምሬ አንድ ገጽ ማንበብ ቢያቅተኝ ማንን ልከስ ነው?»

ብርድ ልብሳቸውን ተከናንበው ተኙ። እንቅልፍ እንዳልወሰዳቸው አውቃለሁ፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይሰማኝ ነበር። ጽሑፋቸውን ከመጀመሪያው ጀምሮ በቃላቸው እየወጡት ነበር። እዚያች ቦታ ሲደርሱ ይቆማሉ፤ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። እኔ ጆሮዬን ብይዝም ቦታዋን አውቃታለሁ። ፖሊስ አስፈራርቶኝ ነበር፣ ባለቤቴ ለምኖኝ ነበር፤ ያንን ሁሉ መቻል ይቻላል። ያንን ሹክሹክታ ግን አልቻልኩትም።

ሲነጋ ፊታችንን እንድንታጠብ ግቢው ውስጥ ወዳለው ቧንቧ አወጡን። ውሃው ቀጭን ነው። እትዬ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ሲያርሱ ከጎናቸው ቆምኩ።

«እትዬ፣ ብለውታል» አልኩ። «አንድም ቃል አልዘለሉም። እኔ ነኝ የቆረጥኩት።»

ቀና አላሉም። ውሃው በጣቶቻቸው መሃል ሲፈስ ቆየ።

«ስንት ነው?»

«አስራ ስምንት ሰከንድ።»

«ማን አዘዘሽ?»

«ማንም። ሰዓቱ አልፎ ነበር። የሚደጋገም መስሎኝ ነው።»

«ስልክ አልነበረሽም?»

«ነበረኝ። ልጄን ከትምህርት ቤት ላወጣ እየቸኮልኩ ነበር።»

ቧንቧውን ዘጉት። ቀሚሳቸው ጫፍ ላይ እጃቸውን አደረቁ፤ በጣም ቀስ ብለው፣ ጣት በጣት። ይቅር እንዲሉኝ ስጠብቅ እንደነበር ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

«ጤነኛ መሆኔን ስላወቅኩ ደስ ብሎኛል» አሉ። «አሁን ግን ላናግርሽ አልፈልግም። ፈርሚ አትፈርሚ አልልሽም፤ ልጅ አለሽ። ብቻ አታናግሪኝ።»

ጥለውኝ ገቡ። ካቦዋ ሁሉንም ሰምታለች። በአጠገቤ ስታልፍ ፎጣዋን አቀበለችኝና «ፊትሽን ጥረጊ፤ እንዲህ ሆነሽ ፊታቸው አትቅረቢ» አለችኝ። ማንን ለማለት እንደፈለገች አልገባኝም ነበር። መርማሪውን ነው።

ሦስት ሰዓት ላይ ተጠራሁ። ወረቀቱ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ብዕሩም ላዩ ላይ ተጋድሟል። መርማሪው «እንዴት አደርሽ? ራስሽ ተሻለሽ?» አለኝ።

«ንጹሕ ወረቀት ይስጡኝ» አልኩት።

«ለምን?»

«ቃሌን ራሴ ልጻፈው።»

እንዲህ ስል ድምፄ እንደ ጀግና አልነበረም። ቀጥኖ፣ የሌላ ሰው መስሎ ነው የወጣው። ለረጅም ጊዜ ካየኝ በኋላ ከመሳቢያው ሁለት ነጭ ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። መስመር የለውም። እኔ ደግሞ ያለ መስመር ስጽፍ ወደ ላይ ይወጣብኛል። የያዙብኝን መታወቂያዬን ከእሱ ተውሼ ከሥሩ እንደ ማስመሪያ እያደረግኩ ጻፍኩ።

መቼ እንደቀረጽኩ፣ ስንት ደቂቃ እንደነበረ፣ ደንቡ ምን እንደሚል፣ ለምን እንዳልደወልኩ ጻፍኩ። ልጄን ለማውጣት መቸኮሌንም ጻፍኩ። ከዚያ የተቆረጠውን ቃል በሙሉ፣ እሳቸው እንዳሉት አድርጌ አሰፈርኩ። ከታች «ማንም አላዘዘኝም፤ ስህተቱ የእኔ ነው፤ እሳቸው ሰው ድንጋይ እንዲያነሳ አልተናገሩም» አልኩ። ሁለቱም ገጽ ላይ ፈረምኩ።

መርማሪው ቆሞ አነበበው። ሁለት ጊዜ። «ይሄ እሳቸውንም አያስወጣቸውም፤ አንቺንም ያስቀርሻል» አለኝ። «ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

እንደ ወረቀቱ «ግለሰቧ» ሳይሆን «እሳቸው» ማለቱን ያስተዋልኩት ወደ ክፍሉ ስመለስ ነው።

እትዬ ቀና ብለው አላዩኝም። ምሳ ደረሰ፤ ከባለቤቴ የመጣውን ካቦዋ ለሦስት ከፈለችው። እትዬ የድርሻቸውን በሉ። ሰሃኑን ሲያስቀምጡ ወደ ግድግዳው እያዩ «ጻፍሽ?» አሉ።

«ጽፌያለሁ።»

«ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው? በይው እስቲ።»

አልኩት። አስራ ስምንቱን ሰከንድ በራሳቸው አካሄድ፣ በራሳቸው ማረፊያ አልኩት። ከተያዙ ጀምሮ ሌት ተቀን ጭንቅላቴ ውስጥ ስለሚጮህ አንድ ቃል አላመለጠኝም።

«‘ከእኛ ወገን አይደለም’ አይደለም ያልኩት» አሉ። «‘የእኛ ልጅ አይደለም’ ነው ያልኩት።»

«አይ እትዬ። ‘ወገን’ ነው ያሉት። ‘ወገን’ ከማለትዎ በፊት ትንፋሽ ወስደዋል።»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት!»

«እኔ ደግሞ ነኝ የቆረጥኩት!»

ካቦዋ ሳቀች። አፏን በነጠላዋ ይዛ ትከሻዋ እስኪርገፈገፍ ሳቀች፤ በሲዳምኛ የሆነ ነገር ለራሷ ተናገረችና እንደገና ሳቀች። «እዚህ ታስራችሁ በዚህ ትጣላላችሁ?» አለች። እትዬ ላለመሳቅ ብዙ ታገሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው፣ ሲመረምሩኝ ቆይተው፣ «እሺ፣ ወገን ይሁን» አሉ። ሌላ የይቅርታ ቃል በመካከላችን አልተነገረም፤ ከዚያ በኋላ ግን እንደገና «ልጄ» ይሉኝ ጀመር።

መርማሪው እንዳለውም ሆነ። እሳቸውን አላስወጣቸውም፤ እኔም ቀረሁ። አስራ ሦስት ቀን ቆየሁ። ድምፅ የሚሰጥበት ዕለት እትዬ ከማለዳው ጀምሮ ሹራባቸውን ለብሰው፣ ፀጉራቸውን አበጥረው ተቀምጠው ዋሉ። ከኮሪደሩ ማዶ ቴሌቪዥኑ ስለ መራጮች ሰልፍ ይተርካል፤ አዛውንቶች በድጋፍ ሲመጡ፣ እናቶች ልጅ አዝለው። አንድ ጊዜ ብቻ «የእኛ ሰፈር ሰልፍ ረዝሞ ይሆን?» አሉ። ውጤቱ ከታወቀ በኋላ ያለ ክስ ተለቀቁ፤ እኔም በማግስቱ። ካቦዋ ከሁለታችንም ቀድማ ነበር የወጣችው። እትዬ የምክር ቤት ወንበር አላገኙም። ባይታሰሩ ኖሮስ ያገኙ ነበር ወይ? አላውቅም፤ እሳቸውም አያውቁም። ይህን ያህል ነው የወሰድኩባቸው፤ ማወቅን።

ከሥራዬ በደብዳቤ ተሰናበትኩ። አሁን ታቦር ሰፈር ካለው ቤቴ አጠገብ በተከራየኋት ክፍል የሠርግና የምርቃት ቪዲዮ አቀናብራለሁ። ባለቤቴ ስለዚያ ሰሞን ብዙ አያወራም፤ ስወጣ ግን ቤቱን ጠርጎ፣ ልጅቷን አዲስ ልብስ አልብሶ ነበር የጠበቀኝ። ያ ወረቀት የት እንዳለ አልሰማሁም። ፍርድ ቤት አልቀረበም፤ ከመርማሪው በቀር ያነበበው ሰውም ያለ አይመስለኝም። ሰዎች «ታዲያ ምን ጠቀመ?» ይሉኛል። እኔም ራሴን የምጠይቅበት ቀን አለ፤ በተለይ የቤት ኪራይ ሲደርስ። ግን ያን ዕለት ጠዋት ቧንቧው አጠገብ የነበሩትን ሴት ፊት አስታውሳለሁ። ለአንድ ሌሊት የራሳቸውን አእምሮ አጥተው ነበር፤ እሱን መልሼላቸዋለሁ። ቀሪውን መመለስ አልቻልኩም።

ሰሞኑን እንደገና የምርጫ ሰሞን ነው። ባለፈው ሳምንት በባጃጅ ወደ ገበያ ስወርድ ሬዲዮው የአንድ ተወዳዳሪን መልእክት ያስተላልፍ ነበር። የማልመርጠው ፓርቲ ነው። ሰውየው ቃል ይረዝምባቸዋል፣ አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ይሉታል።

ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝና እጁን ወደ ሬዲዮው ሰደደ። «እህት፣ ዘፈን ላድርገው?»

«ተወው» አልኩት። «ይጨርሱ።»

መውረጃዬ ደርሶ ባጃጁ ቆመ። ሰውየው ገና እያወሩ ነበር። ሹፌሩ ወደ ኋላ ዞሮ ጠበቀኝ። እኔ ቦርሳዬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እስከ መጨረሻዋ ቃል ድረስ ሰማኋቸው፤ ከዚያ ወረድኩ።